ሞተር የሚገፋበት ጫካ

ከቴፒ ወደ ጌጫ በሞተር የወጣሁ ቀን ብቻዬን ነበርኩ። ሴት ብቻዋን ሞተር ስትነዳ ምክር የማይሰጥ ሰው የለም፤ እኔ ደግሞ ምክር ሲበዛብኝ ግንፍል እላለሁ። ቤንዚን በጠርሙስ የምትሸጠዋ ሴትዮ፣ «ትልቁ ጫካ ጋ ስትደርሺ ሞተርሽን አጥፊና እየገፋሽ እለፊ። በዚያ በቅሎ ላይ ተቀምጦ እንኳ የሚያልፍ የለም» አለችኝ።

«የገዛሁት ልገፋው ነው እንዴ?» ብያት ተነሳሁ።

የቡናው ተክል አልቆ ጫካው ሲጀምር ጉም ወረደብኝ። ከፊት ጎማዬ ወዲያ ምንም አይታይም። ከዚያ ሰዎች መጡ። አምስት ስድስት ይሆናሉ፤ ሁሉም ሞተራቸውን አጥፍተው እየገፉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ቁልቁል ይወርዳሉ። በእኛ አገር መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ሰላም ሳይባባል አይተላለፍም። እነዚህ ግን ቀና ብለውም አላዩኝ። አጠገቤ ሲደርሱ ባንድ ጊዜ ቆሙ። ወኔዬ ከዳኝ፤ ቁልፉን አዙሬ ወረድኩ።

የሞተሬ ድምፅ ግን አልቆመም። ከእኔ ተለይቶ፣ ማርሽ እየቀየረ፣ ጉሙ ውስጥ ዳገቱን መውጣት ቀጠለ። እጄን ሞተሬ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል፤ ግን አይንቀጠቀጥም።

ከሰዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «አትንቀሳቀሺ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «መጀመሪያ ያቺ ሞተር የምትነዳው ሴት ትለፍ። እሷም እንዳንቺ አልሰማ ብላ ነው እዚህ ጫካ የቀረችው።»