ጋሽ አዳሙን ስንቀብር የሰረዝነው ስም

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም፤ ለማንም አውርቼውም አላውቅ። ክፉውን ሥራ የሠራሁት እኔው ነኛ!

ብቸና ውስጥ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ሰው ሲሞት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሟቹን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ ነኝ። ድምፅህ ያምራል ይሉኛል።

ጋሽ አዳሙ ጎረቤቴ ነበሩ። አዲስ አበባ ጃዝ ሲጫወቱ የኖሩ የሳክስፎን ሰው። መድረክ ላይ ሙዚቃውን አቋርጠው «በፖለቲካ የታሰሩ ይፈቱ» እያሉ ሦስት ጊዜ ራሳቸው ታስረዋል። የፊት ጥርሶቻቸው የረገፉት እዚያ ነው። አገራቸው ብቸና ከተመለሱ በኋላም በረንዳቸው ላይ ይነፉ ነበር፤ ግማሹ ዜማ፣ ግማሹ ባዶ ትንፋሽ። ሰፈሩ ይስቅባቸዋል። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ዘሃራ። ከእስር ሸሽተው ሞጣ በተደበቁ ጊዜ፣ ካስጠጓቸው ሙስሊም ነጋዴዎች ልጅ የወለዷት ናት። አልጋ ላይ ሲውሉ በየሳምንቱ ከሞጣ እየመጣች ታጥባቸው፣ ታጎርሳቸው ነበር። አንድ ቀን እጄን ያዙና፣ «የእኔን ታሪክ የምታነበው አንተ ነህ። ሌላው ቢቀር የልጄን ስም ጥራልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት ልጄ ተብላ አታውቅም» አሉኝ። ቃል ገባሁ።

በቀብሩ ዕለት ጠዋት የጻፍኩትን ታላቅ ወንድማቸው ተቀበሉኝ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። እስክርቢቶ አወጡና ጃዙን ሰረዙ፣ እስሩን ሰረዙ፣ «በልዩ ልዩ ሥራ ተሰማርተው» ብለው ጻፉበት። የዘሃራ ስም ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ይቺን ማን ጻፍ አለህ?»

«ራሳቸው ናቸው ጋሼ። አደራ ብለውኛል።»

«እናትህ አልጋ ላይ አይደለችም እንዴ? ነገ እድሩ እንዲቆምላት አትፈልግም?»

ስሟን ሰርዘው ወረቀቱን መለሱልኝ። ተቀብዬ አጠፍኩት።

ዘሃራ ከሞጣ ከመጡ ሴቶች ጋር ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነበር። ቅድም ስንገናኝ «መምህር፣ አይረሱኝም አይደል?» ብላኛለች። ድምፅ ማጉያው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ጮክ ብዬ፣ አሳምሬ አነበብኩት፤ «ልጅ ሳይወልዱ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» አልኩ። በአጥሩ በኩል አየኋት። አላለቀሰችም። ሻሿን አስተካክላ፣ አባቷ አፈር ሳይለብሱ ወደ መናኸሪያው ሄደች።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ «አሳምረህ አነበብከው» እያለ ጨበጠኝ። ወንድምየው በእጃቸው ጠላ ቀዱልኝ። ጠጣሁት።

ከወር በኋላ ያልተሰረዘውን ቅጂ ይዤ ሞጣ ሄድኩ። ጨርቅ ከምትሸጥበት ሱቅ ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይ አስመጣችልኝ። ወረቀቱን ስዘረጋላት ግን አልተቀበለችኝም።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል መምህር? የማን ልጅ እንደሆንኩ እኔማ አውቃለሁ። ያላወቁት እነሱ ናቸው።»

ደንበኛ ገባና ጨርቅ መለካት ጀመረች። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እናቴ ባለፈው ኅዳር አረፈች። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ሰብሳቢው ራሳቸው ቆመው አስቀበሩልኝ። የሕይወት ታሪኳን ሌላ አስተማሪ አነበበው። ከልጆቿ ሁሉ መጀመሪያ የተጠራው የእኔ ስም ነው። ሰው ዞሮ ሲያየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።