ከመንገድ ዳር የማያት ቤት

ወገኖች፣ ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ ወጣሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ እዚህ አዳራሽ ሁለት ወንበር ይዤ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። እናንተም ጨዋ ስለሆናችሁ አይታችሁ እንዳላያችሁ ታልፉኝ ነበር። ስሙ ይባረክ!

ጌታን ሳላውቅ እዚሁ ጭሮ ጫት ተራ ነበርኩ። ጫት ሻጭ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው፤ ለውዝና ለስላሳ ከአጠገቤ አይጠፋም። ሳምን ጫቱን ትቼ ልብስ መሸጥ ጀመርኩ፤ መቀመጡና ለስላሳው ግን አብረውኝ መጡ። ሰው "ተመችቶሻል" ይለኛል። እኔ ግን ስኳር ይዞኝ፣ ጉልበቴ አልሸከምሽም ብሎኝ ነበር።

ከሁሉም የባሰብኝ የእናቴ ነገር ነው። ቤቷ ከበደሳ ወጣ ብሎ፣ መኪና የማይገባበት ዳገት ላይ ነው። እሷ በእርጅና መውረድ አትችልም፤ እኔ መውጣት አልችልም። ናፍቆቷ ሲብስብኝ መኪና ይዤ ሄጄ መንገድ ዳር እቆማለሁ፤ እሷ ደጇ ላይ ሆና ሻርፗን ታወዛውዛለች። እየተያየን በስልክ እናወራለን። "ኮቱ" ትለኛለች በኦሮምኛዋ፤ "ነዪ ልጄ"። እመጣለሁ እላትና መኪና ውስጥ ገብቼ አለቅሳለሁ። አንዴ የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ሊያወጡኝ ሞከሩ፤ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቃሬዛው ተሰበረ። እነሱም እኔም ሳቅን። ወገኖቼ፣ እናቴ ከላይ ሆና ታይ ነበር።

"ጌታ ሆይ፣ ያን ዳገት አውጣኝ" ብዬ ስጸልይ ኖርኩ። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ስለ ቀዶ ጥገና ነገረኝ። ጨጓራን ቆርጦ ማሳነስ አለ፣ አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር በአዲስ መንገድ ማገናኘትም አለ አለኝ፤ ለእኔ የመጀመሪያውን መረጠ። "ጨጓራሽን እኛ እናሳንሳለን፤ አበላልሽን ግን ዕድሜ ልክሽን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ" አለኝ። እኔ ደግሞ ቢላ ስር መተኛት እምነት ማጣት መሰለኝ። ሽማግሌያችንን ብጠይቃቸው፣ "ልጄ፣ አውጣኝ አልሽ እንጂ በዚህ በኩል አታውጣኝ አላልሽም" አሉኝ። ሃሌ ሉያ!

ተኛሁ፤ ጌታ አስነሣኝ። ቀላል አልነበረም፣ አሁንም አይደለም። ክብደቱ ቀስ በቀስ ወረደ፤ እኔም የጭሮን አቀበት እየወጣሁ ተለማመድኩ። ከዚያ ወደ በደሳ ሄድኩ። እያረፍኩ፣ እያለቀስኩ ወጣሁት። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችኝ። ገንፎ በቅቤ ሠርታ ጠብቃኛለች። ትንሽ ቀምሼ ማንኪያውን ሳስቀምጥ ቅር አላት።

"አልጣፈጠሽም?"

"ጣፍጦኛል እማ፤ ጠገብኩ" አልኳት። ይህን ቃል ከእኔ ሰምታ አታውቅም።

ወገኔ፣ ከታች ቆመህ የምታየው ቤት ካለህ በጌታ ታመን፤ በሐኪም እጅ ቢመጣልህም እንቢ አትበለው። እኔ ዛሬም እሷ ጋ ደርሼ ስመለስ መንገዱ ዳር ዞር ብዬ አያታለሁ። ሻርፗን ታወዛውዛለች። ድሮ ነዪ ማለቷ ነበር፤ አሁን ደህና ግቢ ማለቷ ነው።