መቱ ላይ የሠራናት የሸራ ጀልባ

በደርግ ዘመን፣ መቱ በሚገኝ የእንጨት ሥራ ማኅበር በተቀጠርኩበት ቀን ዋናው አናጢ ጋሼ ሽኩር መላጊያ ሰጡኝና፣ «አልጋ ሠርተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጀልባስ?»

«አይቼም አላውቅ።»

«እኔም» ብለው ሳቁ።

ትእዛዙ ከደብረ ዘይት የመጣ ነበር፤ ለሐይቅ ውድድር የሚሆኑ የሸራ ጀልባዎች። መጀመሪያ አንዲቷ ተሠርታ እዚያ ካለችው አሮጌ የውጭ አገር ጀልባ ጋር ትወዳደራለች። እኩል ከሄደች የቀሩትን እንሠራለን። ካልሆነች ትእዛዙ ይሰረዛል፤ ለዚሁ ሥራ የተቀጠርኩት እኔም እሰናበታለሁ።

ንድፉ ግልጽ ነበር። ፈጣን የሐይቅ ጀልባ ነፋስ ሲያገኛት ውኃውን እያረሰች ሳይሆን በላዩ እየተንሸራተተች ትሄዳለች። ስለዚህ ግርጌዋ ወደ ኋላ ዝርግ፣ ሳንቃዋ ስስ መሆን አለበት።

መቱ ውስጥ አልጋ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ በአንድ ጫፉ ያነሣዋል። ቀለል ካለው ትቶት ይሄዳል። ከአጎራባቾቹ ከሁሩሙም ከቡሬም የሚመጣው ገበያተኛ እንደዚያው ነው። ጋሼ ሽኩር ስሱን ሳንቃ በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይሄ ሰፌድ ነው እንጂ ጀልባ አይደለም» አሉ። ከውስጥ ሌላ የዋንዛ ወለል ደረብንበት። ሥራው ለሁላችንም ያማረ መሰለን።

በጭነት መኪና፣ በጅማ በኩል ደብረ ዘይት ወሰድናት። ጀልባዎቹን ያዘዙት አሠልጣኝ፣ ጓድ መስፍን፣ ከውድድሩ በፊት ለሙከራ ከአሮጌዋ ጋር አንድ ዙር ነዷት። ሲመለሱ አሮጌዋ ጀልባ ቀድማ ደርሳ ሸራዋን አውርዳለች።

«ጋሼ ሽኩር፣ ያዘዝናችሁ ጀልባ ነው ወይስ ቁም ሣጥን?»

«ጠንካራ ናት፣ ጓድ።»

«ጠንካራማ ናት። የደከመው ነፋሱ ነው።»

ውድድሩ ለማግስቱ ነበር። ጋሼ ሽኩር ምስማር መንቀያውን አነሡ። የደረብነውን ወለል በሙሉ ነቅለን አወጣን። የቀረው በንድፉ ላይ ያለው ስስ ሳንቃ ብቻ ነው።

«ብትሰበርስ?» አልኩ።

«ዋና ትችላለህ?» አሉኝ ጓድ መስፍን።

«ያደግሁት ሶር ወንዝ ዳር ነው።»

«እንግዲያው አብረኸኝ ትገባለህ። መገጣጠሚያውን ትጠብቃለህ።»

ጋሼ ሽኩር፣ «እኔ ሶርን የማውቀው በድልድዩ ነው» ብለው ዳር ቀሩ።

በማግስቱ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን ስንወጣ አሮጌዋ ቀደመችን። የመዞሪያውን ተንሳፋፊ ምልክት ዞረን ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ግን የጀልባችን አፍንጫ ከውኃው ቀና አለ። ግርጌዋ ከእግሬ ሥር እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ዓይኔን ከመገጣጠሚያው አልነቀልኩም፤ ውኃ አላስገባም። ቀና ስል አሮጌዋ ጀልባ ከጎናችን ነበረች። እንደዚያው ጎን ለጎን ሆነን ገባን።

«የቀሩትን ጀምሩ» አሉ ጓድ መስፍን። እኔም በሥራዬ ቀረሁ።

ክብደት ለአልጋ ጥራት ነው፤ ለውድድር ጀልባ ጉድለት ነው። አዲስ ሥራ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ በምን እንደሚመዘን ጠይቁ።