ባለ ስድስት ማዕዘኑ ካሬ

ትናንት ልጄ የቤት ሥራዋን በስልኳ ፎቶ ልታነሳ ስትል፣ ስልኩ የወረቀቱን ዳር በሰማያዊ መስመር ከበበው። «እማዬ፣ ወረቀቱ የት እንደሚያበቃ በምን አወቀ?» አለችኝ። እኔን ነው መጠየቅ! በዚሁ ጉዳይ ሳልመረቅ ልቀር ነበር።

ኮምቦልቻ ስማር የመመረቂያ ሥራዬ ከካሜራ ፊት የተቀመጠ ቅርጽ የሚለይ ፕሮግራም ነበር። የቅርጹን ዳር ተከትሎ ማዕዘን ይቆጥራል፤ ሦስት ካገኘ ሦስት ማዕዘን፣ አራት እኩል ጎን ካገኘ ካሬ፣ ማዕዘን ካጣ ክብ። ሌሎቹ ቅርጻቸውን ከወረቀት ቆረጡ። አባባ ግን የደሴ ሆጤ ሰፈር አናጢ ነውና «የአናጢ ልጅ ወረቀት ይዛ አትቀርብም» ብሎ ከወፍራም ዋንዛ ጠርቦ ሰጠኝ። ደሴ ቤታችን፣ የጦሳ ተራራ ጉም መስኮቱን ሸፍኖት ስሞክረው፣ አንዴም አልተሳሳተም።

በፈተናው ዕለት አባባ ጋቢውን ደርቦ አብሮኝ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። የሚኒባሱ ረዳት «አባባ፣ ታች እኮ ሙቀት ነው» እያለ ሳቀበት። አባባ እቴ፣ ከደሴ ያለ ጋቢ አይወጣም። ቁልቁለቱን ሁሉ ቆሎ እየዘገነልኝ ወረድን።

በፈተናው ክፍል የጧት ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወድቋል። ካሬውን አስቀመጥኩ። ስክሪኑ «ስድስት ማዕዘን» አለ። አዞርኩት፤ አሁንም ስድስት። መምህሩ «አንድ ዕድል ቀርቶሻል፤ ካልሆነ ለከርሞ ነው» አሉኝ።

አባባ ከበሩ አጠገብ ተነሣ። «ይቅርታ መምህር፤ እንጨቱን ከነጥላው እየቆጠረው ነው።»

እውነቱን ነው፤ ወረቀት ቢሆን ጥላ ባልጣለ። ይህን ግን ዋጥ አደረግኩት።

«ምን ይሻላል ታዲያ?» አሉት መምህሩ። አባባ ጋቢውን አውልቆ መስኮቱ ላይ ሰቀለና «አብሽሪ» አለኝ። ብርሃኑ እንደ ደሴ ጧት ለዘብ አለ። «ካሬ» አለ ስክሪኑ። ቀጥሎ ሦስት ማዕዘን፣ ቀጥሎ ክብ። መምህሩ ራሳቸው እያገላበጡ ቢያስቀምጡም አልተሳሳተም። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በሠርጌም አላገኘሁት።

«አልፈሻል፤ ጋቢው ግን ሪፖርቱ ላይ ይግባ» አሉ። ገባም። በመሣሪያዎቹ ዝርዝር ከካሜራው ቀጥሎ «አንድ ጋቢ» ይላል።

ልጄ ይህን ሰምታ ለአያቷ ደወለች። «አያቴ፣ እማዬን ያስመረቋት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«የምን ማስመረቅ» አለ አባባ ከወዲያ፣ «በዚያ በወፍራም እንጨቴ ልጥላት ነበር እንጂ። እሷ ናት አንድ ቀን እንኳ ሳትወቅሰኝ የኖረችው።»

ይህን ሁሉ ዓመት የደበቅኩት መስሎኝ ነበር።