ጭስ የሌለው እሳት

«የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን አባባል ያመጣው ሰው አንድ ታኅሣሥ እንኳ ጉና ተራራ ሥር አላደረም። እኛ ዘንድ የሚፈራው ክረምቱ አይደለም፤ ክረምት ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ይለመዳል። የሚያሰቃየን በጋው ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ሌሊቱ ይጨክናል፤ ጠዋት በር ሲከፈት ማሳው በውርጭ ነጭ ሆኗል።

ያደግሁት ከገሳይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሳር ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ቤት እሳት ሲጠፋ አይቼ አላውቅም። ጠባቂው አባቴ ነበር። ከእራት በኋላ ምድጃው ዘንድ ቁጢጥ ይልና የወይራ ጉማጅ ከፍሙ መሀል ሸጉጦ አመድ ያለብሰዋል፤ ይዳፍነዋል። አመዱ ካነሰ እሳቱ ነዶ ያልቃል፣ ከበዛ ይሞታል። ልኩን እጁ ያውቀዋል። ጠዋት አመዱን ገለጥ ሲያደርገው ፍሙ ቀይ ነው፤ የጎረቤት ሴቶች ሁሉ እሳት ሊጭሩ የሚመጡት እኛ ቤት ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ ሞክረን ሲጠፋብን «እሳት አመድ ወለደ» ይለንና ይስቃል። ጭሱ ዓይናችንን ቢለበልበውም በሳሩ ክዳን ሾልኮ ይወጣ ነበር።

እናቴን ግን ያ ጭስ ጎዳት። ሳሏ ከጀመረ አይቆምም፤ ጎንበስ ብላ ግድግዳ ትደገፋለች። እህቴ ዐረብ አገር ዓመታት ለፍታ ስትመለስ የመጀመሪያ ቃሏ «እማዬ ከእንግዲህ ጭስ አትጠጣም» የሚል ነበር። ገሳይ መንገድ ዳር ብሎኬት ቤት ሠራችላቸው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ላዩ ኮርኒስ፣ መስኮቱ ብረትና መስታወት። ምግቡ የሚበስለው ጓሮ፣ ለብቻው በተሠራ ማድ ቤት። እኔ ደብረ ታቦር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለምርቃቱ መጥቼ ቤቱን ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀናሁ።

ሳሉ ቀለለላት። ብርዱ ግን ባሰ። ሲሚንቶ ሌሊት የጠጣውን ቅዝቃዜ ቀን ሙሉ ይመልሰዋል። እናቴ እህቴ ፊት «ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ» ትልና፣ እህቴ ዞር ስትል ጋቢ በጋቢ ትደርባለች። በኋላ ስለታወቀባት እህቴ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝታ አመጣች። መብራት ካለ ሽቦው ይቀላል፣ ከሌለ ያው ብረት ነው፤ መብራቱ ደግሞ ብርዱ የጠናበትን ቀን መርጦ የሚሄድ ይመስላል። አንድ ቀን ኃይሉ ጨምሮ ሲመለስ ማሞቂያው ጧ ብሎ ቀረ። እህቴ ባሕር ዳር ድረስ ወስዳ አሠራችው። ብዙም ሳይቆይ ደገመው። አባቴ ይህን ሁሉ ሲያይ ከረመ።

«ያድር አያድር የማይታወቅ እሳት፣ እሳት አይባልም» አላት በመጨረሻ።

ታኅሣሥ ላይ እናቴ ክፉ ጉንፋን ይዟት ተኛች። ብርድ ልብስ ብትደራርብም መንቀጥቀጧ አልቆም አለ። እህቴ ማሞቂያውን እንደገና ልታሠራ ባሕር ዳር ነበረች፣ እኔም ሥራዬ ላይ። አባቴ የከሰል ምድጃ አወጣ። ያደረገውን ሁሉ በኋላ የነገረን እሱ ራሱ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው፣ ደጋግሞ። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ጭሱ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ልጁ ያን ቤት የሠራችው እናቷን ከጭስ ለማዳን መሆኑን አልረሳም። ከሰሉ ንጹሕ ፍም ሲሆን አስገብቶ አልጋው አጠገብ አኖረው፤ የመስኮቱን ጠርዝ በአሮጌ ነጠላ ጠቀጠቀ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርግ እንደኖረው አመድ አለበሰው፣ እስኪነጋ እንዲያድር። እሳቱም አደረ።

ማለዳ ኪዳን ሊያደርስ ሄደ። መንገድ ላይ ራሱን አዞረው፣ አስመለሰውም፤ የጾም ነው ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እናቴን ቢጠራት አልነቃችም።

የጤና ጣቢያው ሐኪም «ከሰሉ ነው» አለን። ጭስም ሽታም የሌለው መርዝ ከፍሙ እንደሚወጣ፣ እሳቱ ሲዳፈን እንደሚብስ፣ ሳር ቤት ቢሆን ኖሮ በክዳኑ ይወጣ እንደነበር ነገረን። አባቴ ኮፍያውን በእጁ ይዞ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ጭስ እኮ አልነበረውም» አለ።

ሐኪሙ በትዕግሥት እንደገና አስረዳው።

«ገብቶኛል ጌታዬ» አለ አባቴ። «ጭስ ግን አልነበረውም።»

ለቀስተኛው «ቀኗ ደርሶ ነው» እያለ አጽናናን። ማጽናኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔን ግን አቃጠለኝ። ቀኗ አልደረሰም ነበር፤ ጉንፋን ነው የያዛት። እህቴ አላለቀሰችም። ለቅሶው ሲበተን ዲጂኖ አንስታ ወደ ቤቱ ገባችና ከኮርኒሱ ሥር ያለውን ግድግዳ ትንድ ጀመር። «ቀዳዳ ሳልተውላት!» ትላለች በየምቱ። አባቴ መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ብሎኬቱ እየተሰበረ ሲወድቅ አየ። ተይ አላላትም። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ቂም ይዘው አይደለም። እሷም የገደልኳት እኔ ነኝ ትላለች፣ እሱም እንደዚያው፤ አንዱ ሌላውን ሊያጽናና አፉን በከፈተ ቁጥር ሌላው ይነሣል።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ቋጥሬ እሄዳለሁ። አባቴ ቤቱ ውስጥ ክብሪት እንኳ አይጭርም። ጥር ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ድንገት ወደ እኔ ዞረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትሸሽጊኝ።»

«ይጠይቁኝ አባባ።»

«እኔ ኪዳን ስሄድ፣ ነፍሷ አልወጣም ነበር?»

ይህን ነገር ሐኪሙ ለብቻዬ ነግሮኛል። አባቴ ሲወጣ በሕይወት ሳትኖር አልቀረችም፤ በሩ ክፍት ቀርቶ ቢሆን ምናልባት ትተርፍ ነበር ብሎኛል። ለእህቴም አልነገርኳትም።

«ቀድማ ነው ያረፈችው» አልኩት። «አንቱ ገና ከአልጋ ሳይነሡ።»

ዓይኑን ከፊቴ ላይ አላነሣም። መልሼ ማየት አቃተኝ፤ ጉልበቴ ላይ ያለውን የስንቅ ጨርቅ ማጠፍ ጀመርኩ።

«ስወጣ እጇን ዳብሼዋለሁ» አለ። «ሞቆ ነበር። ተመስገን ዛሬስ ሞቋት አደረች ብዬ ደስ አለኝ፤ ብርድ እንዳይገባባት በሩን ቀስ ብዬ ገጥሜው ሄድኩ።»