በመስኮት የምትገባው ፈዲላ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ እቤቷ በመስኮት የምትገባ ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ ፈዲላ። ከተፋታች ወዲህ በእግሯ ከቆመችው የተንጠለጠለችው ይበልጣል ቢባል ያስኬዳል።

ጥፋቱ የሽማግሌዎቹ ነው። ከባሏ ከሙሐዲን ጋር ሲለያዩ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉም አሣ አጥማጆች ነበሩ። አጥማጅ ደግሞ የሚያውቀው ክፍፍል አንድ ነው፤ ያጠመዱትን እኩል እኩል ይከምሩና ዕጣ ይጥላሉ። ቤቱንም እንዲያው አደረጉት። በመረብ ገመድ ለኩት፣ ከመሐል በቆርቆሮ ጋረዱት፣ ዕጣ ጣሉበት። በሩ ለሙሐዲን፣ መስኮቱ ለፈዲላ ወጣ። ባጃጁ በፈረቃ ሆነ፤ የፈዲላ ተራ ሲደርስ መንዳት ስለማትችል ቆሞ ይውላል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሸህ አብደላ እሱንም በመጋዝ ሊያስገምሱት ምንም አልቀራቸው ነበር አሉ።

«ሸሆዬ፣ እኔ በየት ልገባ ነው?»

«ዕጣሽ ነዋ፣ ልጄ! አላህ የከፈተው መስኮት አይናቅም።»

መግባት መውጣቱስ ተለመደ፤ በርጩማ ላይ ወጥቶ ቀሚስን ሰብስቦ ዘው ነው። የከፋው የሰው ነገር ነው። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ሰሞን በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ያጫውቷት ነበር፤ አንገታቸው ሲዝል ቀሩ። ማታ ማታ የቀራት ወሬኛ ከቆርቆሮው ማዶ የሚሰማው የሙሐዲን ሳል ነው። በሳለ ቁጥር በሆዷ «ይማርህ» ትላለች። ካፏ ግን አይወጣም።

አንድ ቀን እህቷ ሰሚሃ ከደሴ ልትጠይቃት መጣች፤ እርጉዝ ናት። መስኮቱን አየች፣ ሆዷን አየች፣ ውጭ በርጩማው ላይ ተጫውታ በመጣችበት ሚኒባስ ተመለሰች። ያን ለት ፈዲላ ቆረጠች፤ በር ትፈልጋለች።

ነፃ የሕግ ምክር ወደምትሰጠው ወደ ማዕረግ ሄደች።

«እትዬ ፈዲላ፣ በትዳር ያፈራችሁት የጋራችሁ ነው፤ እኩል ትካፈላላችሁ» አለቻት ማዕረግ። «እኩል ማለት ግን መሰንጠቅ አይደለም። አንዱን አንቺ፣ አንዱን እሱ ይወስዳል። ካልተስማማችሁ ይሸጥና ዋጋውን ትካፈላላችሁ።»

«አሠሪዬ ከሥራ ከቀረሽ አባርርሻለሁ ብሎኛል።»

«ክሱን እናቅርብ፤ የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ሲወጣ አስቀድመሽ አሳዪውና ፈቃድ ጠይቂ። ፍርድ ቤት ሄደች ብሎ ማባረር አይችልም።»

አሠሪዋ ታረቀኝ፣ አሣ የምትጠብስበት ምግብ ቤት ባለቤት፣ መጥሪያውን እያገላበጠ አየው።

«አንቺ ከሄድሽ የሐይቁን አሣ ማን ሊጠብሰው ነው?»

«አንድ ቀን ይዋኝበት፣ ጋሼ።»

ሳይወድ ፈቀደ። ችሎት ፊት ቤቱ ለፈዲላ፣ ባጃጁ ለሙሐዲን ተባለ፤ ሁለቱም «ተስማምተናል» አሉ።

ሙሐዲን ፍራሹን ባጃጁ ላይ ጭኖ ቁልፉን ሰጣት።

«አውፍ በይኝ፣ ፈዲላ፤ ላስቀየምኩሽ ሁሉ።»

«አውፍ ብያለሁ። ሳልህን ታከመው።»

ከተፋቱ ወዲህ የተነጋገሩት ይኸው ነው። ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ እስኪጠፋ ቆማ አየች።

ቆርቆሮውን አነሳች። ቤቱ የጁምዓ መስጊድ አከለባት። በሩን ወለል አድርጋ ተቀመጠች፤ ነፋስ ገባ፣ የጎረቤት ዶሮ ገባች። ሰው ግን በሩ መከፈቱን ገና አልሰማም፤ ሰሚሃም «ስወልድ እመጣለሁ» ብላለች።

በማግስቱ ማታ ከሥራ ስትመለስ ቁልፉን ከጉያዋ አወጣች፤ እግሯ ግን በሩን አልፎ ሄደ። በርጩማው ላይ ወጣች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ቆርቆሮው ወደነበረበት ጆሮዋን አዘነበለች።

«ይማርህ» አለች፣ በዚህ ጊዜ ድምፅ አውጥታ።