የቆረጥኩት ስም

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተማርኩት ገመድ መጠቅለል ነው። ሙዚቀኛ ልሆን ነው ብዬ ኪቦርዴን ተሸክሜ ነበር የሄድኩት። የስቱዲዮው ባለቤትና የድምፅ ባለሙያ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። ኪቦርዴን ተቀብለው ግድግዳ አስደገፉትና አንድ እቅፍ የማይክ ገመድ ሰጡኝ። አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ወደ ውጭ እያደረጉ ካልጠቀለሉት ገመዱ ከውስጥ ይበጠሳል። ስጠቀልል ዋልኩ።

ልንወጣ ስንል ሁለተኛውን ትምህርት ጨመሩልኝ። ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ክራር ተጫዋች ተቀርጸው ሄደው ነበር። ካሴቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«ይኼ የማን ነው?» አሉኝ።

«የሽማግሌው» አልኳቸው።

«ሽማግሌ የሚባል ስም አለ እንዴ? ስሙን፣ አገሩንና ቀኑን ሳትጽፍ ከወንበርህ እንዳትነሣ። ስም የሌለው ካሴት ባዶ ካሴት ነው። ነገ ሌላ ይቀዳበታል።»

በሆዴ ሳቅሁባቸው። የክራር ተጫዋቹን ስም ግን ጻፍኩ።

ከእሳቸው ጋር ስድስት ዓመት ሠራሁ። ከገመድ ወደ ማይክ፣ ከማይክ ወደ ሚክሰር ከፍ አልኩ። ካሴት ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ የራሴን ክፍል ተከራየሁና የፊልም ሙዚቃ አቀናባሪ ሆንኩ።

የፊልም ሙዚቃ አቀናባሪ መጨረሻ ላይ የሚታወስ ሰው ነው። ፊልሙ ተቀርጾ፣ ተቆራርጦ፣ ፖስተሩ ተለጥፎ፣ ሊመረቅ ሳምንት ሲቀረው ዳይሬክተሩ ዲስኩን ይዞ ከች ይላል። «እዚህ ጋ አሳዝንልኝ፣ እዚህ ጋ አስደንግጥልኝ» ይላል። አንዱን «ተዋናይዋ ራሷ ብታሳዝን አይሻልም ነበር?» አልኩት። ዳግመኛ አልመጣም።

አንድ ዳይሬክተር ግን ገና ፊልሙ ሳይቀረጽ መጣ። ታሪኩ ከወሎ ተነሥታ ዓረብ አገር ስለገባች ሰላም ስለምትባል ልጅ ነው። «የእናትየዋን እንጉርጉሮ ከአገሩ ሰው አፍ እፈልገዋለሁ፣ በአምባሰል ቅኝት» አለኝ። ከአራቱ ቅኝቶች የእኔን አንጀት የሚበላው አምባሰል ነው። መቅረጫዬን ይዤ ውጫሌ ሄድኩ።

ገበያው ላይ ያገኘሁት የጨርቅ ነጋዴ ከከተማው ወጣ ወዳለ አንድ ቤት ወሰደኝ። ሴትየዋ በራፋቸው ላይ ማሽላ ያበጥሩ ነበር። ሰፌዱን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉና መቅረጫውን አተኩረው አዩት።

«ይኸ ነገር ባሕር ይሻገራል?» አሉኝ።

«ፊልም ነው እናቴ፣ የማይደርስበት የለም።»

«እንግዲያማ ልጀ ትሰማዋለች። ጅዳ ሰው ቤት ነው ያለች። ስልኳን ቀምተዋት ድምጿን ከሰማሁ ዓመት አለፈኝ። ይደርሳታል በለኝ።»

«ይደርሳታል» አልኳቸው።

ማይኩን አንድ ክንድ ያህል አርቄ አቆምኩና መቅረጫውን ከፈትኩ። አላፈሩም፣ አልተጣደፉም። አንዱ ስንኝ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል፦

ባሕር ተሻግራ ሰው ቤት ለምታድረው፣
ስሟን ነው እንግዲህ ጠርቸ ምሰደው።

እውነትም ስሟን ጠሩ። ከዜማው ሳይወጡ «ዘሀራዬ» አሉ፣ ሦስት ጊዜ። ሲያበቁ «በቃ፣ ሰደድኩላት» ብለው ሰፌዳቸውን አነሡ። እንባዬ መጥቶ ነበር። እንባዬ እያለ እንኳ ማይኩ ጥሩ መያዙን በሄድፎን አረጋግጫለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ዝናብ እየመጣ ስለነበር ተጣደፍኩ። መኪና ውስጥ ሆኜ ለፋይሉ ስም አወጣሁ፦ «ሴትዮ አምባሰል 1»። የሴትየዋን ስም አልጠየቅኩም።

ስቱዲዮ ስገባ ሁለት ችግር ገጠመኝ። መጀመሪያ፣ ኪቦርዱና እሳቸው አልተስማሙም። የኪቦርድ ድምፅ ከፋብሪካ ተለክቶ የመጣ ነው፣ ወዲህም ወዲያም አይልም። የእሳቸው አምባሰል ግን ከመነሻው ቀጥላ የምትመጣውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያስቀምጣት። ከሥር ቫዮሊን ስደርብበት ይጣላሉ። ቫዮሊኑን ማንሣት እችል ነበር። ከእሱ ይልቅ እሳቸውን አቃናኋቸው። ድምፅ በሚያርመው ፕሮግራም አንድ በአንድ እየጎተትኩ ከኪቦርዱ ጋር አስተካከልኳቸው።

ሁለተኛው የስሙ ነገር ነው። ዳይሬክተሩ ሰምቶ «ዘሀራ ደግሞ ማን ናት? የእኛ ልጅ ሰላም ናት። ሰው ይደናገራል፣ አውጣልኝ» አለ። ቆረጥኩት። ቁርጡ እንዳይታወቅ ከሌላ ቦታ ትንፋሻቸውን አምጥቼ ሰፋሁበት።

ፊልሙ ተወደደ። ሙዚቃው የስልክ ጥሪ ሆነ፣ የሐዘን ቪዲዮ ማጀቢያ ሆነ። የእኔ ስም ፖስተር ላይ ወጣ። የእሳቸው ግን ፊልሙ መጨረሻ ላይ «ባህላዊ ድምፅ፣ ከወሎ» ተብሎ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራሁ፤ እንደዚያኛው የሆነ ግን የለም። አሁን ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ግራ ጆሮዬ ደክሟል። ጆሮዬ ባይደክምም የሚጠራኝ አልነበረም፤ ዳይሬክተሮቹ ያለቀለት ሙዚቃ ከኢንተርኔት ያወርዳሉ፣ ወይም ሙዚቃ በራሱ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም አዝዘው ቡናቸውን ሳይጨርሱ ይደርስላቸዋል። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አያለሁ። ሰው እንዲህ ሆኖ ያልቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስለዚህ ኑረዲን ደሴ ሆኖ ሲደውልልኝ ለመሄድ አልተለመንኩም። ኑረዲን የፊዚክስ መምህር ነው፣ በቴሌግራም የፊልም ሙዚቃ ወዳጆችን ያሰባስባል። «ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ከተማ እንገናኛለን። አቀናባሪዎችም ይመጣሉ። መንገዱም ሰሞኑን ሰላም ነው። አንተ ከመጣህ ግን ሌላ ነው» አለኝ። ኮቴን አስተኩሼ ተነሣሁ።

ውኃው ዳር ካለ ምግብ ቤት ግቢ ውስጥ ሃያ ያህል ሆነን ተቀመጥን። ነርስ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ከእኔ ሌላ ሦስት አቀናባሪዎች አሉ። አሳ ጥብስ ቀርቦ ጨዋታው ደራ። አቀናባሪዎቹ ሲያወሩ ግን ልቅሶ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። አንዱ ኪቦርዱን ሸጦ ባጃጅ ይነዳል። ሌላው ዓመት ሙሉ አንድ ፊልም አልሠራም። ሦስተኛው «አንተስ ደህና ዘመን ላይ ሠርተህ ወጣህ» አለኝ። የአሳውን ሳህን ወደ እሱ ገፋሁለት።

ከምሳ በኋላ ኑረዲን ያንን ሙዚቃ በትልቁ ስፒከር ከፈተው። ነርሱ ዓይኑን ጠረገ። ሲያልቅ አጨበጨቡልኝ። ስንት ጊዜ ሆኖኝ ጭብጨባ ከሰማሁ! ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ትንፋሹን እንዴት እንዲያ አድርጌ እንደቀረጽኩት ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ አፌን መሰብሰብ ነበረብኝ። «እሱማ የተሰፋ ነው» አልኩ። ሴትየዋን እንዴት እንዳቃናኋቸው፣ ከመሐል ስም ቆርጬ እንዴት በትንፋሽ እንደተካሁ እያንዳንዱን ነገር ተረኩላቸው። «ምላጭ አያስገባም! እስቲ ቁርጡን የሚያገኝ ካለ!» አልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከኋላ ወንበር ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት እጇን አወጣች። ከገባች ጀምሮ ምንም አልተናገረችም ነበር።

«የቆረጡት ስም ማን የሚል ነበር ጋሼ?»

«ዘሀራ።»

«እኔ ነኝ» አለች።

ሳቁ ቆመ። ተነሥታ ወደ ፊት መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የመጣችው ከውጫሌ ነው። የሙዚቃው ባለቤት ሐይቅ ይመጣል መባሉን ቴሌግራም ላይ አይታ ነው።

«እናቴ ሰዓዳ ትባላለች» አለች። «ጅዳ እያለሁ ነው የሞተች፣ አላህ ይዘንላት። አገሬ ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ በፊልሙ ስምሽን ጠርታለች አለኝ። ፊልሙን አየሁት፣ ደግሜ አየሁት፣ የለም። ለማጽናናት ዋሽተውኝ ነው ብየ ተውኩት። ወላሂ እንዲያ ነበር ያልኩት። ለካስ ጠርታኛለች።»

ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«ሙዚቃውን አልፈልገውም። የእናቴን ድምፅ ካሰማችሁኝ ብዙ ነው፣ ጀዛችሁን አላህ ይክፈላችሁ። ያ የተቆረጠው ግን የት ነው ያለው?»

«ቤት ይኖራል፣ ይፈለጋል» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ዲስኮቼ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ፊቷ ሲበራ አየሁት። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ ፊት ነው።

አዲስ አበባ ላለችው ልጄ ለማሕሌት ደወልኩ። ዲስኮቹ የት እንዳሉ፣ ምን የሚል ፋይል እንደምትፈልግ ነገርኳት። «ነገ ጠዋት አየዋለሁ አባዬ» አለች።

እሑድ ጠዋት ዘሀራ ከሁላችንም ቀድማ ደርሳለች። ከቦርሳዋ አዲስ ፍላሽ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከነማሸጊያው ነው። «ይበቃል ይኸ? ትልቁን ስጡኝ ብየ ነው የገዛሁት» አለችኝ። ለሦስት ቃል ጥሪ ነው። «ይበቃል» አልኳት።

ማሕሌት ስትደውል ዘሀራ ፊት ለፊቴ ነበረች።

«አባዬ፣ “ሴትዮ አምባሰል የተቃና” የሚል አለ።»

«እሱን አይደለም። አንድ የሚል ቁጥር ያለበት።»

«እሱ የለም። ሦስቱንም ዲስክ አይቻለሁ።»

ያኔ ትዝ አለኝ። ፊልሙ በወጣ በዓመቱ የሳሙና ማስታወቂያ ስሠራ ዲስኩ ሞልቶብኝ ነበር። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች እያየሁ ደመሰስኩ። የሰው ስም ያለበት ፋይል ላይ ስደርስ እጄ ያመነታል፤ ባለቤት አለው፣ ይመጣ ይሆናል እላለሁ። «ሴትዮ አምባሰል 1» ላይ አላመነታሁም። የተቃናው እያለ ጥሬው ምን ይሠራል አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ ዘሀራን «ጠፍቷል» አልኳት።

«ጠፍቶ ነው ወይስ አጥፍተውት?»

«አጥፍቼው።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ኑረዲን ነገሩን ሊያቀል «የተቃናውን ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም?» አለ። ስንት ያህል ዝቅ ይል እንደነበር የሚያውቅ የለም። ስሙ ደግሞ ከነጭራሹ የለም።

ዘሀራ ፍላሹን በጣቷ ስታገላብጥ ቆየችና ቀና አለች።

«እርስዎ ግን ሰምተዋታል ጋሼ። ሊቆርጡት ሲሉም ደጋግመው ሰምተዋታል። እንዴት ብላ እንደጠራችኝ እስቲ በአፍዎ ያሰሙኝ። ድምፅዎ አይጨንቀኝ፣ አጠራሯን ብቻ።»

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን በራፍ፣ ያንን ሰፌድ አሰብኩ። «ዘሀራዬ» አልኩ፣ በዜማው።

«አይደለም» አለች በለሆሳስ። «ይኸ የፊልሙ ነው። እናቴ እዚህ ጋ ታወርደው ነበር።» መዳፏን ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ።

ደግሜ ሞከርኩ። ሰልሼ ሞከርኩ። ከአፌ የሚወጣው የኪቦርዱ ነው። ያንን ሙዚቃ ካቃናሁት በኋላ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ጥሬውን ደግሞ ጥቂት ቀን። ከዲስኩ ብቻ አይደለም ያጠፋሁት። ልጅነቷን ሙሉ የሰማችውን አጠራር እሷ ታውቀዋለች፤ ወደ ባሕር ማዶ የተላከላትን ጥሪ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ፣ እኔም ዘንድ የለም።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ይተዉት» አለችኝ። ለእኔ አዘነች። ፍላሹን ከነማሸጊያው ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች፣ ሁሉንም በየተራ ተሰናበተችና ወደ ውጫሌ መኪና ያዘች።

ከዚያ በኋላ ማንም ሙዚቃ አልከፈተም። ምሳ ሳንበላ ተበታተንን።

ይህን የምጽፈው አሁን ሥራ ለምትጀምሩት ነው። ሰው ስትቀርጹ ስሙን ጠይቁት፣ ከወንበራችሁ ሳትነሡም ጻፉት። ጥሬውን አትደምስሱ። ዲስክ ሲሞላ ሌላ ዲስክ ይገዛል።